ድገሚው
ሐሙስ ማታ ሞተች፣ በሦስት ካሜራ፤
ዓርብ ጠዋት በርባንክ፣ ሎሚ ይዛ ቆመች ከሰልፈኛው ጋራ።
ገንዘብ ተቀባይዋ አይታ ደነገጠች፤
«ነፍስሽን ይማረው» ብላ እጇን ጨበጠች።

ቬርና ሎክሪጅ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ነርስ፣
ውሃ በሞላው መርፌ ስንቱን ስትፈውስ፤
እናቷ በኦማሃ አፈር ስትሸፈን፣
እሷ ቀረጻ ላይ፣ እንባዋን በፓውደር ስትደፍን፣
ዳይሬክተሩ፦ «ድገሚው፤ አላሳመነም።»

ሰማንያ ሁለት ሆናት። ጎረቤቷ ኦካምፖ
ጉልበቱ ባበጠ ቁጥር በሯን ያንኳኳል፤
«ተዋናይ ነበርኩ እንጂ...» ትለዋለች፤ «አውቃለሁ» ይላል፣
ሱሪውን ይሰበስባል።

ዛሬ ፖስታ መጣ፦ ለድጋሚው ሥርጭት አርባ ሦስት ሳንቲም፤
የቴምብሩን ዋጋ አያክልም።
ቼኩን ከደጅ ትታ፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ተንበረከከች።
«እዚህ ጋ ነው?» አለች።
ድገሚው ያላት የለም።