የተገመጠ ዳቦ

ማኅተም ጠራቢ ነኝ፣ የዳቦ ማኅተም፤
ሳማርካንድ ውስጥ ሌላ ሙያ የለኝም።
ከእንጆሪ እንጨት ላይ ምስማር በክብ ስሰካ፣
ባንዱ አበባ ወጣ፣ ባንዱ ፀሐይ ፈካ።
ጋጋሪዋ ገዝታ ሊጧን ታትምበታለች፣
ሰሊጥ ነስንሳበት ሸክላው ምድጃ ላይ ትለጥፈዋለች።
ወርቅ ሆኖ ይወጣል፤ እፍ ተብሎ ይቆረሳል፤
የማለዳ ሥራዬ ቀትር ላይ ይረሳል።

«ምግብ ጥበብ ነው ወይ?» ብሎ አንድ ሰው ጠየቀኝ፣
አፉ ሙሉ ነበር፤ እስኪውጥ ጠበቅሁኝ።
ዋጠና ረሳው። ጥያቄው አብሮት ወረደ።
እኔ ዘንድ ግን ቀረ፤ ፍርፋሪው ከጢሜ አልሄደ።

ጎረቤቴ ሆሲያት፣ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን፣
ዝናብ ሲጥል ጣሪያው እኩል ነው የሚያፈስብን።
ልጇ ኤርጋሽ ለግንብ ሥራ ሳይቤሪያ ሊሄድ ቆርጦ፣
ሻንጣው በገመድ ታስሮ፣ በሩ ላይ ተቀምጦ፣
ትኩስ ዳቦ አመጣች፣ በእኔው ማኅተም የታተመ።
ያገራችን ልማድ ነው፦ መንገደኛ አንዴ ይገምጣል፣
የቀረው ከበሩ ትይዩ ምስማር ላይ ይሰቀላል፣
ሲመለስ የጀመረውን ይጨርሳል።

ኤርጋሽ ገመጠ። አፉን ሞልቶ። አፍሮ ሳቀ።
አንድ የፊት ጥርሱ የለም፣
ከእንጆሪዬ ዛፍ የወደቀ ዕለት የወለቀ።
ያ ክፍተት ዳቦው ላይ ቀረ፤
ሁለት ቅስት፣ በመሐላቸው እንደ ምላስ የወጣች ጉማጅ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠርቤአለሁ፤
እንዲህ ያለ ማኅተም አንድም ቀን አልወጣውም ይሄ እጅ።

አንድ ክረምት ሄደ። ሁለት።
ዳቦው ድንጋይ ሆነ። ሆሲያት በላባ አቧራውን ታራግፋለች፤
እንግዳ ሲገባ «እዚያ ጋ አትደገፉ» ትላለች።

በሦስተኛው ዓመት ከታሽከንት ሙኒሳ መጣች፣
የሙዚየም ሰው፤ ከእኔ ማኅተም ልትገዛ መጥታ
ሆሲያት በር ላይ ቆማ ቀረች።
«ይሄ...» አለች። ቃል አጠራት።
መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።
ስለ ጥላ፣ ስለ ባዶ ቦታ አወራች፤
የመስታወት ሣጥን፣ ከላዩ አንዲት መብራት...
ዋጋም ጠራች፦ የሁለት ላም።

ሆሲያት ሻይ ቀዳች፣ እንደ ክብር ደንቡ ግማሽ ስኒ።
«አላለቀም እኮ ልጄ» አለቻት፣
«ያላለቀ ሥራ እንዴት ብዬ ልሽጥልሽ እኔ?»
«መቼ ነው የሚያልቀው?»
«ሲበላ።»

ቀናሁ፣ አልዋሽም። ያን ቀን ሰባት ማኅተም ሸጥኩ።
ታሽከንት ሄጄ አየኋቸው፤ መስታወት ውስጥ ተደርድረው
ሊጥ ሳይነካቸው ቆመዋል፤
ጥርስ አውጥተው የተራቡ።

ለናቭሩዝ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኤርጋሽ መጣ።
ከግራ እጁ ሁለት ጣት ጎድሏል፤
በወለቀው ጥርሱ ቦታ የብረት ጥርስ ተተክሏል።
እናቱ ዳቦውን አወረደች፤
ቆርሳ በትኩስ ሻይ ነከረች።
በላ። ቀስ እያለ።
የብረቱ ጥርስ ደረቁን ሲያገኘው ቀጭ ይላል።
ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ቆሟል፤
ያጨበጨበ የለም።
የወደቀች ፍርፋሪ ሆሲያት በጣቷ ነክታ ላሰች።
«ምን ምን ይላል?» አልኩት።
«አቧራ አቧራ» አለኝ። «ሌላ የለም?»

አሁን ምስማሩ ብቻ አለ፣ ዙሪያውም ነጭ ክብ፣
ጭስና አቧራ ያልደረሰበት፣ ዳቦው የነበረበት።
ሆሲያት ግድግዳውን ኖራ ልትቀባ ብሩሽ ገዝታለች፤
ግን ዛሬ ነገ ትላለች።

ያ ጠያቂ ተመልሶ ከመጣ፣
ወስጄ አሳየዋለሁ፣
ማኘኩን ከጨረሰ።