የቱን ደፋሽው?

የቱን ደፋሽው፣ የላዩን ነው ወይስ የታቹን?
ለቅሶው ይቆየን ቦግላርካ፤ አስቀድመሽ መልሺ እሱን።
የታቹን? ገባኝ ነገሩ።
ሐሙስ የያዝሽው ኤተር ነበር፤ ከውኃ ላይ ነው ወንበሩ፤
ዛሬ ክሎሮፎርም ነው፣ ከባድ፤ ከታች ነው የሱ ሰፈሩ።
ሁለቱም እንደ ምንጭ የጠሩ፣ ሁለቱም ቀለም የላቸው፣
ዓይን አይለያቸውም ልጄ፤ ክብደት ነው የሚለያቸው።
ስትጠራጠሪ ወደፊት፣ አንድ ጠብታ ውኃ ጣይ፤
ከየትኛው ጋር እንደዋለች ጎንበስ ብለሽ እይ።

እኔ ጌዛ ነኝ፤ ዕቃ አጣቢ፤ ዲግሪ በዞረበት ያልዞርሁ፤
እዚህ ሴገድ፣ ምድር ቤት፣ አርባ ዓመት ብርጭቆ ያጠብሁ፤
የስንቱን የወራት ልፋት በገንዳ ሲሄድ ያየሁ።
ለዚህ ነው ከገንዳው ሥር ያንን ጋን ያስቀመጥሁ፤
ቀን የተደፋውን ሁሉ እስኪነጋ የማቆይ።
ኃላፊው «ይሸታል» ይላል።
ይሽተት።

ነይ፤ ያንቺ እዚህ ውስጥ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም፤
የቦቶንድ ቢጫ አሲድ አለ፣
የኤሜሼም አሚን አለ፤ እሱንስ አፍንጫ አይስተውም።

አሲድ ጨምረን ነቀነቅን፤ የኤሜሼ ጉድ ተነሣ፣
ጨው ሆኖ ወደ ውኃው ገባ፤ ለቀቀን ያ የከረመ ዓሣ።
«ቧንቧውን ክፈቺ፣ ይተንፍስ!
የታፈነ ይፈነዳል፤ ብርጭቆም እንደ ሰው ነው፣ ይብስ።»
ቀጥሎ ሶዳ፤ ተንፈቀፈቀ፤ የቦቶንድ ቢጫ ተሸኘ።
በሦስተኛው ግን ጉድ መጣ፤ ላይና ታቹ ተቋጠረ፣
አረፋ ሆኖ እምቢ አለ፣ እንደ ተጣላ ቤተሰብ
ላይለያይ፣ ላይስማማ፣ መሐል ላይ ተገተረ።
ጨው ነሰነስን። ጠበቅን።
ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ዳቦዬን በሽንኩርት በላሁ።
ስመለስ መስመሩ ወጥቷል፣ ቀጭን፣ እንደ ፀጉር።

ማድረቂያው ዱቄት መጀመሪያ እየጓጎለ ይወድቃል፤
ውኃው ሲያልቅበት ግን የቀረው እንደ በረዶ ይበተናል።
ያኔ በቃ በይ። አጥልዪ።
ክሎሮፎርሙ በስድሳ አንድ ዲግሪ ጥሎን ሄደ፤
ከብርጭቆው ሥር የቀረው ማር የመሰለ ዘይት ነው፣
ወዙ ያምራል፣ ግን እልኸኛ፤ አልረጋ ብሎ ከበደ።

በትኩስ አልኮል አሟሟሽው፤ ከሚበቃው አላስበለጥሽም።
ቀዘቀዘ። ምንም።
ስምንት ሰዓት ሆነ ሌሊት። ቲሳ ላይ ጭጉ ወርዷል፤
የመጨረሻው ትራም ካለፈ ድፍን ሁለት ሰዓት ሆኗል።
«አበቃለት» አልሽ። ዘንጉን አንሥቼ፣
የብርጭቆውን ግድግዳ ከውስጥ ጫር ጫር አደረግሁት፣
በር እንደምታንኳኳ ድመት።
አንዲት ነጭ መርፌ ታየች፤
ቀጥላ ሁለት፤ ከዚያ መቁጠር አልተቻለም፤
ዝም ብሎ የቆየው ሁሉ ባንዴ ማውራት እንደጀመረ።

አራት ግራም ነበረሽ ጠዋት፤ አንድ ከሩብ ተገኘ።
እንደዚህ ነው፤ መጥራት ያስከፍላል።
ግን በቴርሞሜትሩ እንየው፦
ባንድ መቶ አሥራ ሁለት ጀምሮ፣ ባንድ መቶ አሥራ ስድስት አበቃ።
ንጹሕ ነገር ሲቀልጥ አያመነታም፤
ይሄ አራት ዲግሪ ሙሉ አመነታ።
እንደገና፤ ነገ።

ክሪስታሉ የተነሣበት ፈሳሽ በኛ ቋንቋ «የእናት» ይባላል፤
የወለደች እናት ባዶ አይደለችም፤ አሁንም ገና ይወጣታል።
አንቺ ግን ጠርሙሱን ይዘሽ፣ ዓይንሽ በእንቅልፍ ተጨፍኖ፣
ወደ ገንዳው ትሄጃለሽ።

እኔም አንድ ጊዜ የደፋሁት አለ፤ ኬሚስትሪ አይደለም፤
ከሥሩም ጋን አልነበረም።

ቆይ ቦግላርካ።
ስሙን ጻፊበት፣ ቀኑን ጻፊበት፣
መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው።