ፈረስ አለሽ ወይ?

«ፈረስ አለሽ ወይ?» አለችኝ፣ አጃ ሻጯ በጠባሴ፣
ቅዳሜ ገበያ ቆሜ፣ ብርዱ ሲወጋኝ ከራሴ።
«የለኝም» አልኳት። «በቅሎስ?» «በቅሎም የለችኝ።»
«ታዲያ ለማን ልስፈረው?» በጣሳዋ አፋፍ አየችኝ።
«ለብስኩት።»
ጣሳው አየር ላይ ቀረ።
ሽምብራ ሻጯን ጠራቻት፤ ሳቃቸው ገበያውን ዞረ።
ቢሆንም ምርቃት አልነሳችኝም፣ አንድ እፍኝ ጨመረች፣
«ፈረሱ ሲገኝ ይጠቅማል» አለች።

ቀን ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ጠርዝ ስሰፋ ውዬ፣
ማታ ለአጃ ተቀመጥኩ፣ ሰፌድ ጭኔ ላይ ጥዬ።
ነፋሁት፣ ለቀምኩት፣ እስኪሸት ድረስ ቆላሁት፣
ከሙቀጫ አፍ ሳይልም፣ ስብር ሲል አወጣሁት።
ትርሲት በደሞዝ ወረቀት ጀርባ የጻፈችልኝ ይኸው፦
አጃ ሁለት ስኒ፣ የስንዴ ዱቄት አንድ፣ ቁንጥር ጨው፣
ስኳር የስኒ አጋማሽ፣ ለጋ ቅቤም እንደሱ፣
እንቁላል አንድ፣ ቀረፋ፣ ቤኪንግ ፓውደር ለነፍሱ።
መጨረሻው ላይ «ዘቢብ፣ እንደ አቅምሽ» ይላል።
አቅሜን ቆጠርኩት። አሥራ ዘጠኝ ፍሬ ሆኗል።

አባቴ ከመንዝ መጥቷል፣ የዓይኑን ሞራ ሊያስነሳ፤
አንዱ በሻሽ ተሸፍኗል፣ ሌላው ወረፋውን ሳይረሳ።
ዝተቱን እስከ ጆሮው ስቦ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል፤
እኔ የሰፋሁትን ብርድ ልብስ «ሳሳ» ብሎ በር ሥር ወትፏል።

ምድጃ የለኝም። አቶ አስናቀ ዳቦ ቤት ሄድኩ ማክሰኞ ማታ፣
የመጨረሻው ዳቦ ወጥቶ፣ የባሕር ዛፉ ፍም ሲረታ።
«ፍጠኚ» አለኝ ሰዓቱን እያየ፣ «ረቡዕ በር ላይ ነው፤ ፍጠኚ፣
በቅቤ ሽታ በጾም ቀን ምድጃዬን እንዳታስኮንኚ።»
የመጀመሪያውን ትሪ ከሰል አድርጌ አወጣሁ፤
ሁለተኛውን ከአፉ ጠጋ አድርጌ፣ ከንፈሬን ነክሼ ጠበቅሁ።
ጠርዙ ሲቀላ፣ መሐሉ ገና ጥሬ ሲመስል፣
«ያኔ ሳቢው» ብላኛለች ትርሲት፤ በእምነት ሳብኩት ሳይከስል።
ትሪውን ጋቢዬ ሥር ደብቄ፣ ሆዴን እያቃጠለኝ፣
የበሬሳ ንፋስ ደግሞ ጆሮዬን እየላጠኝ፣
ሮጥኩ።

«እጅህን ስጠኝ አባዬ።»
በጣቶቹ ዞረው፣ እንደማያውቀው ሳንቲም፤ አሸተተው።
«ቅቤ አለው።» «አዎ። እስካሁን ማክሰኞ ነው።»
በቀሩት ሦስት ጥርሶቹ ከጠርዙ ጀመረ፣
ቀስ እያለ ወደ መሐሉ፣ ወደ ልስልሱ ተሻገረ።
አላመጠ። ዝም አለ። እንደገና አላመጠ።
ዘቢብ ያገኘ መስሎኝ ነበር፣ ፊቱ ሲለዋወጥ እያየሁ።
«ይቺን አውቃታለሁ» አለ።

«አርባ ዓመት ከገብሴ መሐል እሷንና ሲናርን ስነቅል፣
ወገቤ የጎበጠው በማን ሆነና?
ጠላቴን ታበይኛለሽ?»
ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ገብሱን ውርጭ የመታው ዓመት፣ አንቺ ጡት ሳትጥዪ፣
አጃው ብቻ ቆሞ ቀረ፣ አመዳይ እላዩ ላይ።
እናትሽ ሌሊት ትፈጫለች፣ የተኛሁ እየመሰላት፣
ጠዋት ‹ገብስ ነው፣ ከነፋንታዬ ተበድሬ› ብላ ቂጣ ታቀርባለች።
ገበሬ ነኝ እኮ፤ ገብስ ከአጃ ይጠፋኛል?
ግን ያን ያህል ለፍታ የዋሸችን ሴት ምን ይሏታል?
‹ግሩም ገብስ› አልኳት።
እስከ መስከረም ‹ግሩም ገብስ› አልኳት።
ማወቄን ሳትሰማ ሞተች።»
ትንሽ ቆይቶ፣ በጣቱ ፍርፋሪ እየለቀመ፦
«እሷ ግን ዘቢብ አላገባችበትም።»

አራት በላ። አምስተኛውን በመሐረቡ ቋጠረው።
«ለባዝራዬ ነው» አለ። «ዕድሜዋን ሙሉ ጥሬውን በልታለች፤
ሲበስል ምን እንደሚል ትወቀው።»
ስድስት ሰዓት ሲሞላ እጁን ታጥቦ፣ አማትቦ፣
ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቅዳሜ ጠባሴ ወረድኩ።
«እህ፣ ፈረስሽ በላልሽ?» አለች ሻጯ፣ ጣሳዋን እየጠቀጠቀች።
«አራት በላ» አልኳት። «ዓይኑም ተፈታ።
ዛሬ ሁለት ጣሳ አድርጊው።»