ጨው የወጣለት

ሰኞ ባቲ ወርጄ ጥሬ ጨው ገዛሁ፣ ግማሽ ኩንታል፤
ሻጩ «ለከብት ነው?» አለኝ፤ «ለድንጋይ» ስለው ሳቀ፤ ምን ይፈረድበታል!

መዘዙ ሱሩር ነው፤ ከጅቡቲ ሲመለስ
ሁለት ቢጫ ዓሣ በጄሪካን፣ ከነባሕራቸው ጭኖ፣
«ግንበኛ አይደለህ? ቤት ሥራላቸው» ብሎኝ አለፈ፣ ኮምቦልቻን ተሻግሮ።

ሃያ ስምንት ዓመት ገነባሁ፤ አጥር፣ ጉድጓድ፣ መቃብር፤
ቀዳዳ ደፍኜ ኖርኩ እንጂ፣ ቀዳዳ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ሲሚንቶ አንድ እጅ፣ ጨው ሁለት እጅ፣
ከሐይቅ ዳር የለቀምኩት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ስባሪ፤
አቡክቼ በእርጥብ አሸዋ ቀበርኩት።
በሦስተኛው ቀን ሳወጣው አይጥ የበላው ዳቦ መሰለ።

ከዚያ ውሃ ነው። መሙላት፣ መድፋት፣ መሙላት።
ጨው ሟሙቶ ሲወጣ በእግሩ ዋሻ ተካ፤
ኖራው ግን እልኸኛ ነው፤ የጣቴን ቆዳ ላጠው።
ዘምዘም ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ወረቀት ነክራ
«አባ፣ ገና ነው» ትላለች፣ ሰማያዊውን አሳይታኝ።
ስድስት ሳምንት። ሸምሲያ በአጥር ብቅ እያለች
«አልበሰለም?» ትለኛለች። «ትንሽ ቀረው» እላለሁ።
አንደኛው ዓሣ በአራተኛው ሳምንት ሞተ፤
ለሱሩር እስካሁን አልነገርኩትም።

አባቴ «አንቺ ጨው፣ ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ፤ አለዚያ
ድንጋይ ነሽ ብለው ይጥሉሻል» ይል ነበር።
እኔ ጨዉን ደፍቼ ድንጋዩን አስቀረሁ።

ዛሬ ወረቀቱ መልኩን አልለወጠም።
ድንጋዩን በመስተዋቱ ሣጥን አሳረፍኩት፤
ቢጫው ዞረው፣ ዞረው፣ ገባ።
ዘምዘም ትቆጥራለች፦ ዘጠኝ፣ ዐሥር...
እኔ መቃብር የገነባሁበትን እጄን
በሱሪዬ እየጠረግኩ
በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጣ እጠብቃለሁ።