ጫኝና አውራጅ

ከከባድ መኪኖች ማደሪያ፣ ከአጥሩ ማዶ ነው ቤቴ፤
ቆርቆሮው ቀን ሲነድ ውሎ፣ ሌሊት ይንጣጣል ከአናቴ።
የአዳማ ነፋስ በበሩ ሥር አቧራ ያስገባል ሳይጠራ፤
ከኮረብታው ላይ ተርባይኑ ቀይ ዓይኑን ያበራል በተራ።
ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ አጭር፣ በካርቶን ተደግፎ ቆሟል፤
ላፕቶፔም ባትሪው ከሞተ፣ በሶኬት ትንፋሽ ከርሟል።

ኦብሴ ናት የላከችልኝ፣ ለሊኑክሷ የሠራችውን ጫኝ፤
«ሰው እጅ ሳይገባ ስበሪው፣ እንዳትራሪለት» አለችኝ።
ስም እንኳን አላወጣችለት። ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ይነቅላል፤
ማን በማን ላይ እንደቆመ በመዝገቡ ይዟል ይባላል።

ከአጥሩ ወዲያም ጫኞች አሉ፣ ጆንያ በትከሻ፤
የደቻሳ ድምፅ ይሰማኛል፦ «ያዝ እንጂ ከዚያ መጨረሻ!»

መጀመሪያ ትንሽ ነገር ጠየቅኩት፣ ሰዓት የሚያሳይ ፕሮግራም።
አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ፦ «ብቻውን ግን አይመጣም፤
ሠላሳ ሰባት ይከተሉታል።»
አንድ ሙሽራ ስትጠራ ሚዜው፣ አክስቱ፣ የአክስቱ ጎረቤት፣
ሁሉም ወንበር እንደሚሻ፣ ሁሉም እንደሚገባ ቤት።
«እሺ ይምጡ» አልኩት። መጡ።
ሰዓቴም ከነዘመዱ ደረሰ፤ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር
ከምሽቱ አራት ሰዓትን «አሥር ነው» ብሎ ሊከራከር።
(ይህ የጫኙ ጥፋት አይደለም። አልጻፍኩበትም።)

ቀጥዬ ሆን ብዬ ሁለት የማይስማሙ አዘዝኩ፤
አንዱ «አሮጌውን ካልሰጣችሁኝ»፣ አንዱ «አዲሱን ነው የለመድኩ»።
የድሮው መሣሪያ ቢሆን ስድሳ መስመር ቁጣ ተፍቶ
ጥሎኝ ይሄድ ነበር፣ በሬን እንደተከፈተ ትቶ።
ይኼኛው ግን በአንድ መስመር፦ «አይታረቁም። ማን ይቅር?»
ከሽማግሌ እንዲህ ያለ አጭር ንግግር ብርቅ ነገር።

ከዚያ የጭካኔው ፈተና። መብራት እስኪጠፋ ጠበቅኩ፤
ሌላ ቀን ሳይጠሩት የሚሄደው ዛሬ ቆይ አለ፣ ተናደድኩ።
ጭነቱ ግማሽ ሲደርስ ራሴው ሶኬቱን ነቀልኩ።

ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁት ደቻሳ ሲጮኽ፦
«አውርዱ! ቲማቲሙን ከሥር፣ ሲሚንቶውን ከላይ? አበድክ?»
ስድብ ተሰማ፣ ከስድቡ ጋር ሳቅ፣ ከሳቁ ጋር ሳል፤
አንድ ባንድ፣ በመጡበት መንገድ፣ ጆንያው ሁሉ ወደ መሬት ተመልሷል።
ላፕቶፑን ሰካሁት። ነቃ።
«ያላለቀ ጭነት አግኝቻለሁ። ወደ ትናንት ልመልስሽ?»
ለዚህ ጥያቄ፣ ኦብሴ፣ ልቤ ራርቶ ነበር፣ ልንገርሽ።

ምነው እዚያ ላይ በተውኩት።
«ጠያቂ የሌላቸውን ላጽዳ?» ሲለኝ፣ እንቅልፍም ይዞኛል፣
«አዎ» አልኩት። ጠረገ። «ብዙ ቦታ ተርፏል» ብሎኛል።

ሪፖርቴን ልጽፍ ስጀምር «ሰ» ስል ላቲን ወጣልኝ፤
ደግሜ ነካሁ፣ ያው ነው። የአማርኛ ፊደሌን ጠርጎልኝ!
መዝገቡን ከፈትኩ፤ አልዋሸም፤ አንድም ፕሮግራም አልጠየቀው፤
የሚፈልጉት እነዚህ አሥር ጣቶች ናቸው፣ እነሱን ደግሞ አያውቃቸው።

በ«ፀ» የሚጀምር ስሜን በባዕድ ፊደል ገጣጥሜ፣
ፀዳል የምትባል ሴት ሳልመስል፣ ላክሁላት ጥፋቱን ለቅሜ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ መለሰች፦ «በምን ቋንቋ ነው? ተኝተሻል?»
ከአፍታ በኋላ ደግሞ፦ «ገባኝ። በስመአብ። ነገ ሌላ ይደርስሻል።»

ውጭ ሞተር ተነሳ። ቲማቲሙ ከላይ፣ ገመዱ ጠብቆ፣
መኪናው ወደ አዋሽ መንገድ ወጣ፣ አቧራውን ለኔ ለቆ።
ከአጥሩ ሽቦ ላይ የአንዱ ጫኝ ጃኬት ተረስቶ ቀርቷል፤
ነፋሱ እጅጌውን ይዞ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዘዋል።
ላወርደው ብዬ ተነሳሁና
ተውኩት።
ሲነጋ ባለቤቱ ይመጣል።