ያልተሰቀለ ቁጥር
(ለኢንጂነር ቦጋለ ወርዶፋ፣ ሶሐር)

ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣ ጨው የበላው በር ነበረው፤
«ማረፊያ» የሚል ሰሌዳ፣ ፀሐይ ግማሹን የሻረው።
ስድስት ክፍል፣ አንድ ጣራ፣ አንድ የሚያለቅስ ማቀዝቀዣ፤
ለየቁልፉ አንድ ድንጋይ፣ በሽቦ የታሰረ መያዣ፦
አረንጓዴ የመዳብ ዝገት፣ ነጭ ኳርትዝ፣ ጥቁር ክሮማይት።
«ዛሬ ኳርትዝ ውስጥ ትተኛለህ» ይለዋል፣ የላሆሩን ሹፌር በሌሊት፤
ሰውዬው የፈለገው አልጋ ነው፣ አልጋና ትንሽ ጸጥታ።
ሽማግሌው ግን ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ አድርጎ፣ ጆሮውን ጥሎ ላንዳፍታ፣
«ድምፁ ጤነኛ ነው» ካላለ፣ ሰው አያስገባም ማታ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች፤ ፊት ሻኪሶ፣ ኋላ እዚህ ተራራ፣
መዳቡ ተሟጦ ኩባንያው በሩን እስኪዘጋ ሠራ።
ጡረታ ሲወጣ «አገርህ ግባ» ያሉት ነበሩ፤
«እገባለሁ» አላቸው፤ ይህን ቤት ተከራየ፣ ከነስንጥቁ ከነአፈሩ።
ለምን? ብዬው ነበር አንድ ቀን። «ሰው ቆጣሪ ካጣ
መሬት ላይም ይቀበራል» አለኝ፤ ሻዩን ጠጣ።

ምግብ አያውቅም። ምስሩን እንደ ማዕድን አቃጥሎ ነበር የሚፈጨው፤
የገበያው ድመት እንኳ አሽቶ ነበር የሚሸሸው።
ሦስተኛው ክፍል ጣራ ላይ፣ ከስንጥቁ ጎን፣ በእርሳስ
ቀን ይጽፋል፦ ሐምሌ ስምንት፣ ጥቅምት ሁለት፣ እስከ ዛሬ ድረስ
ስንጥቁ አንድ ፀጉር አልሰፋም። እሱ ግን በየወሩ
መሰላል ይወጣ ነበር፣ እየተንቀጠቀጠ እግሩ።

በመግቢያው ሰሌዳ አለ፤ ምስማርና የናስ ቁጥር።
ሰው ሲወጣ ይዞት ይውላል፣ ሲገባ ይሰቅላል፤ ከኪራዩ ይልቅ የሚጠይቀው ይህን ነበር።
አጥማጁ ከባሕር፣ ነርሷ ከሌሊት ፈረቃ፣
አንዲት ምስማር ባዶ ከሆነች ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ይነጋል፣ ሳያሸልብ፣ በጥበቃ።

እኔ የመጣሁት ባንድ እግር ጫማ ነው፣
ፓስፖርቴ በእመቤቴ መሳቢያ።
ስሜን አልጠየቀም።
«አሥራ አራት ነሽ» አለኝ፤ «ከዛሬ ጀምሮ የሚቆጥርሽ አለ።»
አልገባኝም። በዚያ ቤት
ማታ ማታ የሚቆጠረው ማንኪያ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት፣ ትኩሳቱ ሲበረታ፣
«ጂሎ ወጣ?» አለኝ፤ ዓይኑ ጣራው ላይ፣ ስንጥቁ ላይ፣ ተንከራታ።
ጂሎን አላውቀውም።
«ወጥቷል» አልኩት።
«ታጥቧል?»
«ታጥቧል፤ እራቱን በልቷል» አልኩት። ዋሸሁ።

ልብሱን ስናጣጥፍ ከደረት ኪሱ ተገኘ፣
የዛገ የብረት ቁጥር፣ ሃያ ሰባት፤ ጫፉ የተጎነጎነ ይመስል የተጣመመ፣ የሞኘ።
ከኛ ሰሌዳ አይደለም፤ የኛ ሃያ ላይ ያበቃል።
የየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ፣ እሱ ነበር የሚያውቀው፤ መሬቱም ያውቃል።

ሣጥኑ በዕቃ አውሮፕላን ሄደ። የራሱን ቁጥር፣ አንድን፣
ኪሱ ከተትኩለት፤ ወጪ ነውና፣ ደንቡን።
የሱ ምስማር ባዶ ነው። ወንበሩም ደጅ ነው እስካሁን።

ዛሬ መዶሻ ተዋስኩ ከጀልባ ጠጋኙ፣
ለሃያ ሰባት የሚሆን አንድ ምስማር ልመታ።
ግን መጀመሪያ ግድግዳውን
በጣቴ ቋ ቋ አድርጌ
ጆሮዬን ጣልኩ።