የሚዛን ደብተር

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ዶሮ ላረባ ስል
ጎረቤቴ ሳቀ፣ «ስሙን አልሰማህም?» ሲል።
ከቆርቆሮው አጥር፣ ከጓሮው ጥግ ላይ
አራት ቤት ሠራሁኝ፣ እህል እንዲለያይ።
በየቤቱ አሥራ ሁለት፣ የአንድ ቀን ጫጩቶች፣
እናት የማያውቁ፣ የአምፖል ልጆች።
የኑግ ፋጉሎው እኩል፣ አኩሪ አተሩ እኩል፣
ውሃውም፣ ብርሃኑም፤ የሚለየው እህል።

አንደኛው በቆሎ። ከእህል በረንዳ
ጋሽ ሽኩር ሰፈረው፣ በዱቤ፣ በእዳ።
በሦስት ሳምንቱ ደረት አወጣና
ይንጎራደድ ጀመር እንደ ባለ ዝና።
ግን ነጭ በቆሎ ነው፤ እግሩ ገረጣብኝ፣
የፒያሳ ሆቴል ገዢ «ታሟል እንዴ?» አለኝ።

ሁለተኛው ማሽላ። ነጩ ደግ ነበር፣
ከበቆሎ አያንስም፣ በግራም ቢቆጠር፤
ቀዩ ዘንጋዳ ግን ምላስ ያደርቃል፣
ዶሮም ያውቃል ለካ፦ ይጭራል፣ ይተዋል።

ሦስተኛው ስንዴ ነው። ክብደትስ ያመጣል፤
ኩሱ ግን ሙጫ ነው፣ ሰጋቱራ ያጣብቃል፣
ጠርጌ ሳልጨርስ ሌሊቱ ይነጋል።
ደግሞም ይከብደኛል፣ አፌ መናገር ያፍራል፦
ሰው ለዳቦ ተሰልፎ፣ ዶሮ ስንዴ ይበላል።

ገብስ የእህል ንጉሥ፣ ይላሉ ሲያወሩ፤
ካባውን ሳያወልቅ ዋጡት ከነክብሩ።
ሆዳቸው ሞላና ሥጋው ወደኋላ ቀረ፣
በአርባ ሁለት ቀኑ ገና ጫጩት ነበረ።

«ጤፍስ?» አለኝ አንዱ። መልስ አልሰጠሁትም።
ለዶሮ ቀርቶ፣ ለእኛም አልደረሰም።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣
የወፍጮ ቤት ሚዛን በውሰት አምጥቼ፣
አሥራ ሁለቱን ዶሮ ባንድ ሣጥን ከትቼ፣
(የጎረቤት ድመት ከጣሪያ እያየችን)
በቢጫ ደብተሬ አራት ዓምድ አሰመርሁ፣
ይሄን ከዚያ ቀነስሁ፣ ያንን ከዚህ ደመርሁ።

ዛሬ ማታ ደግሞ፣ ሒሳብ ላወራርድ
ደብተሩን ስገልጠው፣ ከመብራቱ ሥር፣
ከአራቱ ዓምድ አጠገብ አምስተኛ ተወልዷል፤
የትርሲት እጅ ነው፣ ፊደሉ ተንጋዷል።
ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ሳላያት
ሚዛኑ ላይ ወጥታ ጽፋለች ክብደት፦
«አሥራ ሰባት ኪሎ።
አሥራ ሰባት ኪሎ።
አሥራ ሰባት ኪሎ።»
ሦስት ቅዳሜ ሙሉ።

ከላይ፣ የእህሉ ስም በሚጻፍበት ግን፣
አንድ ቃል ብቻ ናት፦ «ያገኘነውን»።

ነገ ቅዳሜ ነው።